ሦስት ፈረሶችና አንዲት ጥንዚዛ

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት ጥቅምት ገብቶ መንገዱ መድረቅ በጀመረበት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ሥራዬም የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። የተላክሁት ቡሬ አጠገብ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር የሞቱትን ሦስት የጋሪ ፈረሶች እንድመረምር ነው። ምርመራው ግን ለወጉ ነበር፤ “በመርዝ ተገድለዋል” የሚለው ወረቀት ቢሮ ውስጥ ተጽፎ አልቆ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አለቃዬ ወረቀቱን ሲሰጡኝ “ፈርመሽ ተመለሺ፣ ነገር አታብዢ” አሉኝ። እኔ ደግሞ አታብዢ ሲሉኝ ማብዛት ያምረኛል።

ማንኩሳ

አንድ ብር ከፍዬ የበርበሬ ኬሻ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ማንኩሳ ኬላ ላይ አስወረዱን። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን ዘቅዝቆ ይዞ እያነበነበ ራሱን ነቀነቀ።

“ዘቅዝቀኸዋል” አልሁት።

አጠገቤ የቆሙ በርበሬ ነጋዴ እናት ቆነጠጡኝ። “ኧረ ተይ ልጄ፣ ይቺ ምላስሽ ቡሬ ሳትደርሺ ታስቀርሻለች!”

ጠባቂው ወረቀቱን አቃናና አሳለፈኝ።

ከቡሬ ወዲያ

ከቡሬ መንደሩ ድረስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መስኩ ገና በአበባ ቢጫ ነበር። አበባው ላይ ጥቁር ጀርባቸውን በቀይ መቀነት የታጠቁ ጥንዚዛዎች ተደርድረው ይበላሉ። ሰው ሲጠጋቸው አይሸሹም።

በመርዝ የተከሰሰው የማኅበሩ ፈረስ ጠባቂ አያ ስመኝ ነው፤ ትውልዱ ከአዊ፣ ዕድሜውን ከፈረስ ጋር የኖረ ሰው። ማኅበሩ እህል ጎተራ ውስጥ ቆልፎበት ሐሙስ ለከተማ ሊያስረክበው ቀጠሮ ይዟል። ሚስቱ እትዬ ብዙነሽ ትኩስ የድንች ቅቅል አቀረቡልኝ። እሳቸው ግን አልቀመሱም።

“ከተማ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም” አሉኝ። “በአገራችን ሣር ታጭዶ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥንዚዛው እንዲወጣ ሁለቴ ይገላበጣል፣ ከዚያ ይታሰራል። ዘንድሮ ጎብኚ ሊመጣ ነው ብለው በዘመቻ አንድ ቀን አጭደው እዚያው አሰሩት። እሱ ‘ኧረ ይገላበጥ’ ብሎ ለመናቸው። ‘ኋላ ቀር’ አሉት። ፈረሶቹ ሲሞቱ ደግሞ ‘አስቀድሞ ያወቀው ራሱ ስላደረገው ነው’ አሉ።”

የታሰረውን ሣር ፈታሁት። የደረቀ ጥንዚዛ በእፍኝ በእፍኝ ረገፈ። ደሜ ፈላ።

የማኅበሩን ሊቀመንበር አስጠራሁት፤ የእኔ እኩያ ነው። ሰው እያየ ከመስኩ አንዲት ጥንዚዛ ይዤ ክንዴ ላይ ጨፈለቅኋት።

“ምን ማድረግሽ ነው?” አለኝ።

“ነገ ጠዋት ሕዝቡን ሰብስብና ታያለህ።”

ረቡዕ፣ ሾላው ሥር

ጠዋት ክንዴ ላይ ባቄላ የሚያህሉ ሦስት ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ተነፍተው ነበር። ያንገበግበኛል። እጅጌዬን ሰብስቤ ለተሰበሰበው ሰው አሳየሁ።

“የላይ ቆዳን እንዲህ ካደረገች፣ የፈረስ ሆድ ገብታ ምን ታደርግ?” አልሁ።

“በእሳት ያቃጠልሽው ነው” አለ ሊቀመንበሩ። “ጓድ፣ የተላክሽው ለመፈረም ነው። እምቢ ካልሽ ሐሙስ ከስመኝ ጋር ትሄጃለሽ።”

እኔ ግን ለዚህ ብዬ አንዲት ጥንዚዛ በሕይወቷ በክብሪት ቀፎ ይዣለሁ። ቀፎውን ከፈትሁ።

“እንግዲያው ክንድህን አምጣ።”

ሊቀመንበሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ የደብሩ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥንዚዛይቱ ንጹሕ ከሆነች፣ እጅዎ ምን አይቶ ሸሸ?”

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቁ እየሰፋ ሄደ። በዚያ ዘመን እንዲያ ያለ ሳቅ አደባባይ ላይ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ የጎተራውን ቁልፍ ለዘበኛው ወረወረለት።

አያ ስመኝ ዓይኑን ከብርሃን እየጋረደ ወጣ። ሚስቱን እንኳ ሰላም ሳይል፣ “ያን ሣር ለሌላ ፈረስ ሰጥተውታል?” ብሎ ጠየቀ። አለመስጠታቸውን ነገርሁት። ያኔ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ሣሩን አብረን አቃጠልነው።

መመለሻ

ሐሙስ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ወረቀቱን ለአለቃዬ መለስሁ፤ በጀርባው “የገደላቸው ጥንዚዛ ነው፤ ያበላቸውም ጥድፊያ” ብዬ ጽፌበታለሁ።

“ፊርማሽስ የታለ?” አሉኝ።

ዓመት ሳይሞላ ሩቅ ወረዳ አዛወሩኝ። በሚቀጥለው ጥቅምት ያ ሊቀመንበር “ሣር ሦስት ቀን ሳይገላበጥ እንዳይታሰር” የሚል መመሪያ በራሱ ስም ማውጣቱን ሰማሁ። ስቄ ልሞት ነበር። ይሁን፤ ፈረሶቹ ይኑሩ እንጂ መመሪያው የማንም ይሁን።

ከዚያ ጉዞ የተማርሁት ከጥንዚዛይቱ ነው። ጥፍር የማታህል ፍጥረት ቀይ ለብሳ አበባ ላይ ትቀመጣለች፤ የሚደፍራት ካለ ይሞክራት። ክንዴ ላይ ዛሬም ሦስት ጥቋቁር ምልክቶች አሉ። አለቃዬ የታለ ያሉት ፊርማዬ እሱ ነው።