ለባኮ የተቀዳው ሰላምታ

የድሮ ባለ ሪል ቴፕ የሚሰበስቡ ሰዎችን ብዙም አላምናቸውም፤ እኔም አንዱ ስለሆንኩ አውቃቸዋለሁ። «ሞቅ ያለ ድምፅ» እንላለን እንጂ የምናዳምጠው ዘፈኑን ሳይሆን ማሽኑን ነው። እንግዳ ሲመጣ ክር የተጠመጠመባቸው ሁለቱ ሪሎች ሲዞሩ እናሳየውና፣ ክሩ እንዳይጎዳ ብለን ዘፈኑ ሳያልቅ እናጠፋዋለን።

አምቦ፣ አባቴ ቤት ያለው ቴፕ ግን የስብስብ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ሪሎቹን የሚያዞረው ላስቲክ ከቀለጠ ወዲህ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ይውል ነበር። አጠገቡ አንድ ክር አለ። እናቴ ባኮ ይሠራ ለነበረው ወንድሟ ልትልክለት ድምጿን የቀዳችበት ነው። ወንድሟ ማጫወቻ እንደሌለው ትዝ ያላት ቀድታ ከጨረሰች በኋላ ነበር።

«ማሽኑንም አብረሽ ላኪለታ!» እያለ አባቴ ስንት ዘመን ቀለደባት። ስትሞት ቀልዱን ተወው። ድምጿ ያለው እዚያ ክር ላይ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባቴ ግራ ጆሮ መስማት አቆመ። ሐኪሙ ቀኙም ብዙ እንደማይቆይ ነገረን። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤

«የእናትህ ክር አሁንም ይሰማ ይሆን?»

ክሩን አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ወሰድኩለት። ከእኔ የባሰበት ሰብሳቢ ነው። በጥንቃቄ ገልብጦ፣ ሽ የሚለውን ድምፅ በኮምፒውተር አጥርቶ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ትናንት የተቀዳ ይመስላል።

አባቴ ስልኩን ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ግንባሩ ተቋጠረ።

«እሷ ናት። ግን ማን እያባረራት ነው?»

«እንዴት አባዬ?»

«አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሳትሰማ ስለ ከብቱ ትጠይቃለች። እናትህ እንዲህ ያለ ብልግና አታውቅም።»

ለወዳጄ ደወልኩ። «በየመሃሉ ዝም ትላለች እኮ» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ። «ባዶውን ቆረጥኩልህ።»

በእኛ አገር ሰላምታ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ እንደገና የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። እናቴ ማሽን ፊት ተቀምጣም ወንድሟ የሚመልስበትን ጊዜ እየጠበቀችለት ነበር። ወዳጄ ሳይቆርጥ እንደገና ሊገለብጥልኝ ፈለገ። አባቴ ግን «በስልክ አይሆንም፤ የራሳችን ቴፕ ይሠራልኝ» አለ።

ክሩንና አዲስ ላስቲክ ይዤ አምቦ ተመለስኩ። አበባውን አውርጄ፣ ዳንቴሉን አንስቼ ላስቲኩን ገጠምኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስኪመጣ ተቀመጥን። መጣ። አባቴ ወንበሩን ስቦ ቀኝ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞረ።

«አከም ጅርታ?» አለች እናቴ። ከዚያ ሽሽሽ፤ ከሩቅ የያኔ ዶሮ ጮኸ።

«ነጋያ» አለ አባቴ። «አንቺስ?»

«ከብቶቹስ?»

«ተሸጡ።»

«ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ዘንድሮ ዘገየብን።»

እንዲህ እያሉ ሄዱ። የጎረቤት ደኅንነት ገና ተጠይቆ ሳያልቅ ክሩ አለቀና ጫፉ ሪሉ ላይ ይማታ ጀመር። ለወንድሟ ልትነግረው የፈለገችው ዋናው ወሬ ሳይነካ ቀረ።

«ምን ልትነግረው ነበር?» አልኩት፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ገና ሰላም እየተባባልን ነው» አለ። «ክሩን መልሰው።»