የማይወርደው ክንፍ

በርሀ ወልድያ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። አያቱ ከትግራይ መጥተው ከተማዋ ላይ ከከተሙ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው መታሰቢያን አግብቶ የሁለት ሴት ልጆች አባት ሆኗል። እጁ የተመሰገነ ነው። እሱ የገጠመው መስኮት ንፋስ አያስገባም፣ ዝናብም አያሳልፍም። ነገር ግን ከሱቁ ጣሪያ ሥር፣ ፕሮፋይል ከሚላቸው የአሉሚኒየም ዘንጎች በላይ አንድ ረጅም ከረጢት ተንጠልጥሏል። ደንበኛ ቀና ብሎ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለው ፊቱ ይጠቁራል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሃንግ ግላይደር የሚሉት ክንፍ ነው። ሞተር የለውም። ሰው ከሥሩ በሆዱ ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ማዕዘን ዘንግ በእጁ ጨብጦ፣ ከተራራ አፋፍ ሮጦ ይነሣበታል። ለበርሀ የሰጠው ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ወልድያ አቅራቢያ ወዳለችው ሐራ መጥቶ የነበረ ሙራት የሚባል ቱርካዊ መሐንዲስ ነው። በርሀ የሰውዬውን ቤት መስኮት ሊገጥም ሄዶ ተዋወቁ። ሙራት ሁለት ክንፍ ነበረው፤ አንዱ አሮጌ፣ ሰፊና ዝግ ያለ፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ሌላው ለውድድር የተሠራ፣ ቀጭንና ፈጣን። እሑድ እሑድ ከሐራ ጉብታዎች ላይ በአሮጌው ያስተምረው ጀመር። በርሀ ሁለት በጋ ሙሉ ተማረ፤ ከአርባ ጊዜ በላይ ተነሥቶ በእግሩ አረፈ። ዓይኑ ግን ከፈጣኑ ላይ አይነቀልም ነበር።

ሙራት በ2011 ዓ.ም. አገሩ ሲመለስ ሁለቱንም ትቶለት ሄደ። "በአሮጌው ሁለት ዓመት ብረር" አለው። "ፈጣኑን ከዚያ በኋላ ታወጣዋለህ። እሱን ማንሣት ቀላል ነው፤ ሥራው ማውረዱ ላይ ነው።"

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ። አሮጌው ክንፍ የተቀመጠበት የሐራው ቆርቆሮ መጋዘን ተቃጠለ። ፈጣኑ ወልድያ ሱቅ ውስጥ ከፕሮፋይል ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር ማንም ልብ ሳይለው ተረፈ። በርሀ ከስደት ተመልሶ ከረጢቱን ሲከፍት መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ደግሞ አንጀቱ አረረ። የሚችለው ተቃጥሎ የማይችለው ቀረው።

ሰላም ሲወርድ ግን ያንን ለራሱም መንገር አልፈለገም። እንደ አዋቂ በራሪ ፈቃድ መጠየቅ ያዘ። አንዱ ቢሮ ስፖርት ነው ብሎ ወደ ሌላው ላከው፤ ሌላው ቱሪዝም ነው አለው፤ ሦስተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰው። እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ። ወደ ቤት በገባ ቁጥር መታሰቢያ የምትሰማው አንድ ነገር ነው።

"እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ ሰማይ ላይ ነበርኩ።"

"እሺ፣ እጅህን ታጠብና ብላ" ትለዋለች።

በመጨረሻ ሳሚራ የምትባል ወጣት ኃላፊ ፊት ቀረበ። ማመልከቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበች እሷ ብቻ ነበረች። አንብባ ስታበቃ፣

"ፈቃዱን እኔ ልጽፍልዎት እችላለሁ" አለችው። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። በዚህኛው ክንፍ በረው ያውቃሉ?"

በርሀ ደሙ ፈላ። ክንፉ እጁ ከገባ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ነው የጠየቀችው።

"አውቃለሁ" አላት።

የሦስት ቀን ፈቃድ ጻፈችለት። የካቲት 2015 ዓ.ም. ነበር።

ቦታው ከመርሳ ከተማ በላይ ያለው አፋፍ ነው። ክንፉን አይሱዙ ጥርጊያው መንገድ እስከሚያልቅበት ድረስ አደረሰው፤ ከዚያ በኋላ አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። የአፋፉ ባለቤት ሼህ አብዱሰመድ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"አላህ ይርሐመው ልል ነበር እኮ" አሉ። "ሬሳ መሰለኝ።"

"ክንፍ ነው ሼህ። እንደነገርኩዎ፣ የምወርደው ከታች አንቱ ማሽላ ካነሡበት ማሳ ላይ ነው።"

"ውረድ፣ ማሳው ባዶ ነው። ብቻ ከብርቱካኑ አጥር መለስ በል።"

የመጀመሪያው ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ እንኳ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ንፋሱ ከጀርባ፣ ከደጋው በኩል መጣ፤ በዚያ መነሣት ራስን መወርወር ነው። በርሀ ጥርሱን ነክሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ከቆላው ሞቅ ያለ ንፋስ ሽቅብ መንፈስ ጀመረ። መታሰቢያ ከታች ማሳው ዳር ቆማ የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀይ ጨርቅ በእንጨት ላይ ሰቅላ ነበር። ጨርቁ ወደ ተራራው ተዘረጋ።

"ልጄ፣ አትቸኩል" አሉት ሼህ አብዱሰመድ። "አሞራ እንኳ አይቶ ነው የሚነሣ።"

"ፈቃዱ ዛሬ ያልቃል" አላቸውና ሮጠ።

በአምስተኛው እርምጃ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ። አነሣሱ ያለ እንከን ነበር። ዘንጉን ትንሽ ወደ ደረቱ ሳብ ሲያደርገው ክንፉ ተወረወረ፤ አሮጌው በጭራሽ እንዲህ ሄዶ አያውቅም። የመርሳ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ወደ ሲሪንቃ የሚወስደው አስፋልት፣ የፍራፍሬው አረንጓዴ ከሥሩ አለፉ። ለሦስት ደቂቃ ያህል ቢሮዎቹን ሁሉ ረሳ። ከዚያ ግን መውረድ እንዳለበት ትዝ አለው፤ ክንፉ ደግሞ አይወርድም።

በአሮጌው ቢሆን ማሳው ጫፍ ላይ ደርሶ ዘፍ ይል ነበር። ይሄኛው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቅባት እንደ ተቀባ ነገር ተንሸራተተ። መታሰቢያን አለፋት። የማሳውን መሐል አለፈ። ፍጥነቱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ሲያልቅም ዘንጉን ባንድ ጊዜ ሽቅብ መግፋት ነበረበት። ግን የብርቱካኑ አጥር እየቀረበ መጣ፣ እጁም አልታገሠም፤ ቀድሞ ገፋ። ክንፉ አፍንጫውን አንሥቶ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያም ወደቀ።

መታሰቢያ ሮጣ ስትደርስ በርሀ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ግራ ክንዱን ይዟል። የዘንጉ አንድ ጎን እንደ ሸምበቆ ታጥፏል።

"ተርፈሃል?" አለችው።

"ክንዴ ነው። ንፋሱ ተቀይሮ ነው እንጂ…"

እሷ ወደ ቀዩ ጨርቅ ዞራ አየች፤ አሁንም ወደ ተራራው ተዘርግቷል። በርሀም አየውና አንገቱን ደፋ።

ክንዱ በጀሶ ታስሮ ሳሚራ ዘንድ ሪፖርት ሊያደርግ ሄደ። እሷ ብዕሯን አንሥታ ምክንያቱን ጠየቀችው። መንገድ ላይ ያዘጋጀው መልስ ነበር፦ ጊዜው አጭር ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሰጣችሁኝ። አፉን ከፈተና ተወው።

"በረው ያውቃሉ ወይ ብለውኝ ነበር" አለ። "አላውቅም ነበር።"

ሳሚራ ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህን ያኔ ቢነግሩኝ፣ መጀመሪያ የመለማመጃ ቦታ ፈቃድ ነበር የምጽፍልዎ" አለች።

ያ ከስብራቱ ይበልጥ አመመው። ቢሮ ቢረግም፣ መንግሥት ቢረግም፣ ንፋስ ቢረግም ይቀለው ነበር። አሁን የሚወቅሰው ሰው አጣ።

ክንዱ ሲድን የታጠፈውን ዘንግ ከመስኮት አሉሚኒየም ቆርጦ ሊተካው ሞከረ። ገና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጫነው ተቆለመመ። ለሙራት ጻፈለት። ሙራት ዘንጉን እንደሚልክ፣ ነገር ግን በርሀ ዝግ ያለ ክንፍ አግኝቶ እስኪለማመድ ድረስ እንደማይልክ መለሰለት። በርሀ መልእክቱን ሲያነብ ስልኩን ሊወረውረው ምንም አልቀረውም፤ ያናደደው ሰውዬው ልክ መሆኑ ነው።

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ አገሩ እንደገና ታመሰ። አሁን ስለ መብረር የሚጠየቅበት ቢሮ የለም፣ የሚጠይቅም ያለ አይመስልም። በርሀ ግን ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ሰፊ ሸራ ዘርግቶ፣ ሙራት በስልክ በላከለት ሥዕል መሠረት ዝግ ያለ ክንፍ ይሰፋል። ሁለት ጊዜ ሰፍቶ ሁለት ጊዜ ፈቶታል። የግራው ጎን ከቀኙ ይጠባል።

"ደግሞ ልትፈታው ነው?" ትለዋለች መታሰቢያ።

"ጠመመ እኮ።"

"ማነው ያጣመመው?"

"እኔ" ይላታል፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።