የእማማ ሹራብ ቁልፎች

የዚያን የበረዶ ወራት ጠዋቶች ሳስታውስ ዛሬም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ከምኖርበት ሰፈር፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አውቶቡስ እይዝና ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ግማሹን መንገድ በሕልም እሄደዋለሁ። ኢስት ዮርክ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ስደርስ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። የበረዶው ብርሃን በየመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ነገሩ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ የረዳት ነርስነት ኮርሴን ጨርሼ ሥራ መጀመሬ ነበር።

ከደረሱኝ ክፍሎች አንዱ የባልና ሚስት ነበር። ሚስትየዋን በልቤ እማማ እላቸዋለሁ፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት አጣሟቸዋል። ባለቤታቸው ዓይናቸው አያይም እንጂ ጤነኛ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሙቀት አዙረው የእማማን ወሬ ይሰማሉ።

ኮርሱ ላይ መጀመሪያ የተማርነው «በራሳቸው የሚችሉትን አትሥሩላቸው፤ ታግሣችሁ ጠብቁ» የሚል ነው። ፈተና ላይ አሳምሬ መልሼዋለሁ። ግን ማን ሊሰማው! እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ሲታገል ቆሞ ማየት ነውር ነው። እማማ ሹራባቸውን ገና ሲያነሱ ፈጥኜ እቀበላቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ አምስቱንም ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ ቁርሳቸውንም በማንኪያ አበላቸዋለሁ። እማማ ሊቆልፉት እጃቸውን የዘረጉለትን የባለቤታቸውን ሸሚዝም እግረ መንገዴን እቆልፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እማማ «ተዪው፣ እኔው አደርገዋለሁ» ይሉኝ ነበር። ይሉኝታ መሰለኝ። ሰው እኮ «ብላ» ሲሉት መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ያለ ነው፤ እኔም እንደ ወጉ ግድ ብዬ ሠራሁላቸው። በኋላ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት፣ ሞኟ።

ሺፍቴ ሲያልቅ የውሎ መዝገባቸው፣ ቻርቱ ላይ በኩራት እጽፋለሁ፦ አለበስኳቸው፣ አበላኋቸው፣ ሁሉንም ሠራሁላቸው። ጎበዝ እንድባል ነዋ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ዋናዋ ነርስ ቻርቱን ይዛ ጠራችኝ። «እኚህ ሴት በራሳቸው ምንም አይችሉም ማለት ነው» አለች። «እንግዲያው ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ።» ሦስተኛ ፎቅ አልጋ ላይ ለቀሩ ሴቶች ብቻ ነው፤ ባልየው አይከተሏቸውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። «የሚችሉትን ሳላይ ነው የሠራሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ለመንኳት። ትክ ብላ አየችኝና «ሰኞ ጠዋት መጥቼ በዓይኔ አያለሁ፤ አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ» አለች።

ለእማማ ስነግራቸው ወደ ባለቤታቸው ብቻ ዞር አሉ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እጆቼን ጭኔ ሥር ሸጉጬ ተቀመጥኩ። ሥራ የፈቱት የእማማ ጣቶች ደርቀዋል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቁልፍ እንኳ አልገባም አለች። ውጭ በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እማማ አንዷን ቁልፍ ይዘው ይለቃሉ፣ ይይዛሉ። ጊዜው የቆመ፣ እኔም የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቁልፎች ገቡ።

ሰኞ ነርሷ በሩ ላይ ቆመች። እማማ ቀና ብለው አላዩዋትም። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንጃ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ሲቆለፍ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ደግሞ ሳይ አንድ ቀዳዳ ተዘሎ፣ አንዷ ቁልፍ ተርፋ ሹራቡ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። እጄ በራሱ ሊነሳ ሲል መልሼ ተቀመጥኩበት። ነርሷ ሹራቡን አየችው፣ ጻፈች፣ «እዚሁ ይቆያሉ» ብላ ወጣች።

እንባዬን ጠርጌ እንደ ልማዴ የባልየውን ሸሚዝ ልቆልፍ ተነሳሁ። እማማ ክንዳቸውን ዘርግተው አገዱኝ። ቀስ ብለው አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡና ከታችኛዋ ቁልፍ ጀመሩ። ሽማግሌው የእማማ ጣቶች ደረታቸው ላይ ሲደርሱ አገጫቸውን ቀና አደረጉላቸው።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ይሄን ሁሉ ሳምንት የት ሄደሽብኝ ነበር?»