መሬት የሌለው ዓለም

መርዶውን የነገሩኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቴ አየለ ከጫግኒ ሲመለስ ወንዝ ሊሻገር ገብቶ ደራሽ ውሃ ወሰደው። የተቀመጠባት በቅሎ ብቻዋን ወጣች። ወንድሞቹ ዘጠኝ ቀን ዳር ዳሩን ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ካህናቱ በአስከሬኑ ፈንታ ልብሱን አስቀምጠው ፍትሐቱን አደረሱለት። እኔ ያንን ልብስ እያየሁ ሳለ የአጎቴ ወግ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ሆኖት፣ አጎቴ ጋሼ ደሴ ዳንግላ ያስተምሩ ነበር። ክረምት ሲገባ እንጅባራ እኛ ቤት ይመጣሉ። ያኔ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ሲመሽ፣ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስነባን፣ ኩራዙን ወደ መጽሐፋቸው ያስጠጉና ከምናውቀው ተረት ሁሉ የራቀ ነገር ያወሩልን ነበር። አየለ ያኔ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ ከአጠገቤ ካልተቀመጠ ወጉ አይጥመውም።

አንድ ምሽት ከፀሐይ እጅግ ርቀው ስለሚዞሩ ሁለት ግዙፍ ዓለማት ነገሩን። ዩራነስና ኔፕቱን ይባላሉ። አንደኛው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ በጎኑ ተጋድሞ ይሽከረከራል። ሌላው የተልባ አበባ ይመስላል። ወደ ፍሙ እያመለከቱ፣ በላያቸው ያለው አየር ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ስለሚውጠው የሚተርፈው ሰማያዊው ነው አሉ። ከምን እንደተሠሩ ለማስረዳት ግን አገውኛውም አማርኛውም አጠራቸው። በመጨረሻ፣ ጋጣ ስንጠርግ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው፣ ረግረግ ስንረግጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው አየር፣ ሁለቱ ከውሃ ጋር ተደባልቀው፣ ሊቃውንቱ በረዶ የሚሉት ነገር ሆነው ነው አሉን።

«ጋሼ፣ እንግዲያስ እኔ በየጠዋቱ የምጠርገው ዓለም ነው በሉኛ» አለ አየለ። እናቴ ሳትቀር ሳቀች።

እኔ የደጃችን በረዶ ታይቶኝ፣ በላዩ ይኬድበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጋሼ፣ በረዶ ይባል እንጂ የጸና አይደለም አሉ። አየሩ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየወፈረ እየከበደ ይሄዳል እንጂ፣ እዚህ ላይ መሬት ጀመረ የሚባልበት የለም፤ ድንጋይ ቢጥሉበት ዝም ብሎ ይሰምጣል አሉ።

አየለ ሳቁን አቆመ።

«ሰው እዚያ ቢሞት የት ይቀበራል?»

ለሁሉ መልስ የነበራቸው ጋሼ የኩራዙን ክር ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ልጄ፣ እዚያ ሰው የለም» ብቻ አሉት። አየለ ግን ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቢኖርስ?» አለኝ በቀስታ።

ዛሬ ሌሎች ሴቶች በባላቸው መቃብር ላይ የበቀለውን ሣር ይነቅላሉ፣ የተንሸራተተውን ድንጋይ ይመልሳሉ። እኔ ወንዙ ዳር ሄጄ ነበር። ውሃው ድፍርስ ነው፣ አያቆምም፤ የትኛውን ውሃ እያየሁ እንደማለቅስ አላወቅሁም። ከዚያ ምሽት የዓለማቱ ርቀትም ሆነ መጠን ጠፍቶብኛል። የቀረልኝ፣ ያን ያህል የሚያውቁ ሰው አንድ ልጅ የሚያጽናና ቃል ማጣታቸው ነው። እኔም ለራሴ አጥቻለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ አስቡልኝ። አየለ ሰው የሚጠራው ስም ነው፤ በጸሎት አይጠራም። ነፍስ ይማር ስትሉ፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው።