የመጨረሻ ቀጣሪዋ

«ዘንድሮ ሲቪ በዓመት አይጻፍም፣ እትዬ» አለ ታናሽ ወንድሟ ላፕቶፑን እየነካካ። «በችሎታ ነው። ችሎታሽን ከላይ እንደረድርና ዓመቱን ከታች ሸፈን እናደርገዋለን። ያቺ ክፍተት አትታይም።»

«የምን ክፍተት?»

«ያው… ቤት የተቀመጥሽበት ነዋ።»

ቤት የተቀመጥሽበት! ወይ አለማፈር! አባታቸው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዙ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ይህች ሴት መቼ ተቀመጠችና? የምትወደውን ሥራ ጥላ ቤት የገባችው እኮ ለእሳቸው ስትል ነው። የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ስምሪት ክፍል ነበረች፤ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የምታዘው እሷ ነች። ስልክ አንስታ ስትጮህ መሪ ላይ ያንቀላፋ ሾፌር ሁሉ ይባንን ስለነበር «ጡሩምባ» የሚል ስም አወጡላት። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያ በኋላ «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ለማለት ብቻ ዋለ። አገላበጠች፣ አጠበች፣ በማንኪያ አጎረሰች። እሳቸውም በሽታው ጠባያቸውን አክፍቶት ያጎረሰቻቸውን ይተፉባት ነበር።

ወንድምየውስ? አልፎ አልፎ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ብቅ ይላል። በር ላይ ቆሞ «ተሻላቸው?» ይልና እሱ ከሌለ ቢሮው የሚፈርስ ይመስል ይሮጣል። ለቀብሩ ጊዜ ግን ማን ይስተካከለው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። አቅፋ ያባበለችውም እሷው ነች።

አሁን ደግሞ ችሎታዎቿ ሥር «ትዕግሥት» ብሎ ጻፈላት።

«አጥፋው» አለች። «አልቋል።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሌላ የጭነት ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ይህ ካመለጣት በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? የዚህን ሰው እጅ እያየች ልትኖር ነው። ከዚያስ ሞት ይሻላታል።

«የመጨረሻ ቀጣሪሽን ስምና ስልክ ይጠይቃሉ» አለ። «የድሮው ድርጅትሽ ተዘግቷል። ግዴለም፣ እኔን እንጻፍ። እኔ ጋ ሠርታለች እላለሁ፤ ማን ያውቃል?»

ደሟ ፈላ። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ግን ረጋ ብላ «ጻፍ» አለችው። «ምን ውሸት አለበት? አንተ ጋ ነው የሠራሁት። ባንተም ተራ አባባን ያገላበጥኳቸው እኔ ነኝ።»

አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

በሳምንቱ ሊጠይቃት መጥቶ ገና እንደተቀመጠ ስልኩ ጠራ። ከድርጅቱ ነው። «ስፒከር ላይ አድርገው» አለችው።

«እርስዎ ጋ ሠርታለች ይላል» አለች ደዋይዋ። «ግን የእርስዎና የእሷ የአባት ስም አንድ ነው። እህትዎ ነች እንዴ?»

የዚህን ሰው ነገር እዩልኝ! ያን ሁሉ ሲሸፋፍን፣ የአባቱ ስም ከሁለቱም ስም አጠገብ ተገትሮ አላየውም። እዚህም ረሳቸው።

«አዎ… እህቴ ነች።»

«ታዲያ ምን ነበር የምትሠራልዎት?»

ቀና ብሎ እህቱን አየ። ዓይኗን ተክላበታለች፤ ልትረዳው አላሰበችም።

«አባቴን ታስታምምልኝ ነበር» አለ። «ብቻዋን። እኔ… እኔ አልነበርኩም።»

«ለምን ለቀቀች?»

«አባባ ሞቱ።»

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ለፈተና ትምጣልን። ግን ይህን ሲቪው ላይ ለምን አልጻፈችውም?»

ጡሩምባ ስልኩን ከእጁ መነጨቀችው። «ሰኞ እመጣለሁ! ያኔ እነግርዎታለሁ!» አለች፣ ሾፌሮቹን በምታባንንበት በዚያ በድሮው ድምፅዋ።

ወንድሟ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ጀመር። አሁን ግን አላባበለችውም። የሰኞ ልብሷን ልትተኩስ ተነሳች።