እጅ የማይገባበት ሹሩባ

አሰላ ተማሪ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን የሚሠሩኝ ያሳደጉኝ አክስቴ ነበሩ። በጉልበቶቻቸው መሃል ያስቀምጡኝና በእንጨት ሚዶ ከፍለው ሹሩባውን ከራሴ ጋር አጣብቀው ይጎነጉኑታል። "አመመኝ" ስል መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይመምሽ። እጅ አይግባበት።"

ነገሩ የገባኝ ባላቸው አረቄ ሲጠጣ አድሮ የመጣ ጠዋት ነው። ለእሱ አንቱታ የለኝም። ቁርስ ዘገየ ብሎ የአክስቴን ረጅም ጉንጉን በክንዱ ላይ ጠቀለለና በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጎተታቸው። ፊታቸው ደም በደም ሆነ። እጁን ስነክሰው ወደ እኔ ዞረ፤ ራሴን ቢቧጥጥም የሚጨብጠው ፀጉር አጣ። አመለጥኩና ጎረቤት ጠራሁ።

በማግስቱ አክስቴ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ሳጉሬ ገበያ ሄዱ። በእኛ ዘንድ ሴት እንዲህ የምትላጨው ባሏ ሲሞት ነውና ያገኛቸው ሁሉ ደንግጦ ጠየቃቸው።

"ምነው፣ ማን ሞተብዎት?"

"ባሌ።"

ማታ ሲመጣ "ሬሳ ከወጣ አይመለስም" ብለው በሩን ዘጉበት። ዳግመኛም አልከፈቱለት።

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ቀበርናቸው። ያ ሰው ከዘመድ ሁሉ በላይ እየጮኸ አለቀሰ። ለቀስተኛው "እግዜር ያጽናዎት" ሲለው አላስቻለኝም።

"ተዉት!" አልኩ። "እሱ ከሞተ ቆይቷል።"

ዛሬ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ሚዷቸውን አንስቼ ሹሩባዬን ራሴ ጎነጎንኩት። እንደሳቸው ማጥበቅ አቃተኝ። እጅ ያስገባል።