ሁለት ስም የነበራት ሰፈራችን

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ዳር ያለችው ሰፈራችን ሁለት ስም ነበራት፤ ሁለቱም አሰልችተውኝ ነበር። አያቴ አባባ ቢተው አመሻሹ ላይ ምድጃው ዳር ያስቀምጡንና፣ አድገህ የተባሉት ቅድመ አያታቸው በአንዲት መጥረቢያ ጫካውን መንጥረው የመጀመሪያውን ጎጆ እንደ ቀለሱ ይተርኩልን ነበር፤ ስለዚህ ሰፈሩ «አድገህ አምባ» ነው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እማሆይ ውዴ ዘንድ ስሄድ ደግሞ መንጣሪው የእሳቸው ቅድመ አያት ምትኬ ናቸው፤ ስለዚህ «ምትኬ በር»። መጥረቢያዋ እንኳ አልተቀየረችም! ያኔ ከጭሱ ይልቅ ያ ተረት ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር።

ሁለቱም አዛውንቶች «የኔ ዘር ይበዛል» ባዮች ነበሩ። ግን ማንም ቆጥሮ አያውቅም፤ ሰው ከተቆጠረ ይጎድላል ስለሚባል በጣት መቁጠር ነውር ነበር።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ፣ አባቴም ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ከገባ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ወንዱን እየቆጠሩ ጫካ የገባውን የሚያጣሩ የጣሊያን መዝጋቢዎች ወደ እኛ እየመጡ መሆኑን እናቴ ሰማች። «አባባ፣ ልጅዎ በወባ እንደ ሞተ ይንገሯቸው፤ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ» ብላ ለመነቻቸው። እሺ አሉ።

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ከሁለት ወታደሮች ጋር መጥቶ የሰፈሩን ስምና የወንዱን ቁጥር ጠየቀ። እማሆይ ውዴ ቀደሙ፦ «ምትኬ በር ብለህ ጻፍ። እኔ ብቻ ስድስት ወንድ ወልጃለሁ።»

በቃ፣ አያቴ ብድግ አሉ። «አድገህ አምባ ነው! የኔ ሰባት ናቸው!» ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። በሰባተኛው ጣት የአባቴን ስም ጠሩ። እስከ ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ።

«ሰባተኛው የታለ?» አለ አስተርጓሚው።

እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። አያቴ ጣታቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። ያኔ እማሆይ ውዴ፣ «የሞተ ልጃቸውን እየቆጠሩ ነው እኮ! ተዝካሩን እኔው ራሴ በልቻለሁ። ጃጅተዋል፤ ምኑን ያስታውሱታል?» አሉ።

«እውነት ነው?» አለ አስተርጓሚው ወደ አያቴ ዞሮ።

አያቴ ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። «እውነት ነው። ስድስት ናቸው። ጃጅቻለሁ፤ ስሙንም እሳቸው እንዳሉህ ጻፈው» አሉ።

«ምትኬ በር» ተብሎ ተጻፈ። ጣሊያን ሲወጣ አባቴ በሕይወት ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሁለቱ አዛውንቶች ስለ ስሙ እንደገና ይጨቃጨቁ ጀመር፤ መጥረቢያዋም ተመለሰች።

አያቴ ያንን ረፋድ ግን አንድም ምሽት ተርከውልን አያውቁም። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው እሱን ብቻ ነው።